ስለት ይዤ አዋሳ የወረድኩበት ሳምንት

አዋሳ ምን እንደምትመስል ማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ ስለ ሐይቁ የምለው ሰፊ ነው፤ ሌላ የለኝም። ይህን የምጽፈው ለደብረ ብርሃን ሰዎች ነው፤ ከእነሱም ከከተማው ኬላ ወጥተው ለማያውቁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማዋንም ያኔ የምንላት አዋሳ ነበር፤ ሀዋሳ ያልናት ኋላ ነው። በመንገድ ላይ ደብተር ይዤ ነበር፤ ነገር ግን ኬላ ላይ ተፈትሾ ጣጣ እንዳያመጣብኝ የምጽፍበት የበላሁትን ብቻ ነበር። ሽሮ በላሁ ብሎ ጽፎ የታሰረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ያለው ምሳና ራት ከደብተር የተገለበጠ ነው፤ የቀረው ከጭንቅላቴ ነው። ምሳውን እመኑት፣ የቀረውን እንደ ፍጥርጥራችሁ።

የሄድኩት ስለት ላደርስ ነው። ጴንጤ ስለት አለው ወይ የሚል ይኖራል። የለውም። እኔ ግን ነበረኝ። እናቴ ጃንጥላና ጧፍ ስትሳል እያየሁ ነው ያደግኩት። በወጣትነቴ ለመንግሥት ሥራ አዋሳ ተመድቤ ሳለ እዚያ ጌታን አገኘሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ እንጂ ጠባይ አልቀየርኩም።

ልጄ በረከት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘመተ። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። አንድ ቀን ከምሠራበት የእንጨት መጋዘን ጀርባ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «በሕይወት ከመለስክልኝ አዋሳ ወርጄ፣ ባመንኩባት አዳራሽ፣ ባመንኩበት ቦታ ቆሜ፣ ስምህን ጠርቼ እመሰክራለሁ።» ከሦስት ወር በኋላ በረከት እግሩን ቆስሎ፣ በቦርድ ተሰናብቶ መጣ። ያነክሳል። ግን መጣ።

እኔም አልሄድኩም። መጀመሪያ የዓመት ፈቃድ አልተገኘም። ቀጥሎ ክረምት ገባ። ቀጥሎ ጫማዬ ተቀደደ። ስምንት ወር እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ። ከዚያ በረከትን ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ ክኒን ሰጠው፤ ክኒኑና ትኩሳቱ ግን ሳይተዋወቁ አስር ቀን አብረው ከረሙ። ልጁን ውሃ እንኳ አልወርድ አለው። እኔ በሽታውን ዐወቅኩት። ስለቱ ነው። የሰጠኝን ሊወስድ መጥቷል አልኩ።

«የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ነው» አለች ባለቤቴ አስካለ። «አንተ ደግሞ እግዜርን የቀበሌ ሊቀመንበር አደረግኸው።»

«ተስያለሁ» አልኳት።

«ልጅህ እንዲህ ሆኖ ጥለኸው ትሄዳለህ?»

«እንዲህ ስለሆነ ነው የምሄደው።»

ለሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ቆሎ ግን ቆላችልኝ።

ረቡዕ

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። የጉዞው ምክንያት በሚለው ላይ «የዘመድ ጥየቃ» ተብሎ ተጽፏል። ለማድርባቸው ሰዎች ስጦታ የያዝኩት የመንዝ በግ ጠጉር ባና ነው፤ ባናን ለማታውቁ፣ አንድ ሰው ከተኛበት እንዳይነሳ አድርጎ የሚጫን ብርድ ልብስ ነው። እኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። አዋሳ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ እዚያ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ግን የደብረ ብርሃን ሰው እንግድነት ሲሄድ ባና ነው የሚይዘው፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልለመድንም።

ኬላ ላይ ወታደሩ ባናውን በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገው።

«ይሄን የት ልትወስድ ነው?»

«አዋሳ።»

«አዋሳ እኮ ሙቀት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሙቀት መሆኑን እያወቀ ባና የሚወስድ ሰው ውስጡ የደበቀው ነገር አለ ብሎ ይመስለኛል፣ ባናውን መንገድ ላይ ዘርግቶ እየረገጠ ፈተሸው። ምንም አላገኘም። መጠቅለሉን ለኔ ተወልኝ። የተሳፈሩት ሁሉ ይጠብቁኛል፤ አንዲት ሴትዮ ወርደው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ራት፣ የጾም ሽሮ፣ ቀጭን። እኛ ጋ ትኋን ብርዱን አይችለውም፤ አዲስ አበባ ግን ተመችቶታል። ባናውን ላለማስበላት ወንበር ላይ ሰቅዬው እኔን ሲበሉኝ አደሩ።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሱ ተነሳ። ሞጆን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሰው ሁሉ ልብሱን አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ። እኔ ኮቴን አላወለቅኩም፤ እኛ አገር ኮት ያወለቀ ሰው ታሟል ማለት ነው።

መቂ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማም ተነፍሶ ኖሯል። ረዳቱ ሁለቱንም እያንከባለለ ሊያስለጥፍ ሄደ፤ እኛም ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ልጄ አልጋ ላይ ነው፣ አዳራሹ አዋሳ ነው፣ እኔ መሃል ላይ ጎማ እጠብቃለሁ። ይሄንንም የስለቱ ቅጣት ነው አልኩ። ያኔ የማይሆንልኝ ነገር ሁሉ ቅጣት ነበር፤ የሚደርስብኝማ አይነገርም።

አንዲት ሴት በሳፋ ፓፓያ ይዘው መጡ። አዋሳ ሳለሁ ቀምሼው እንደሆን እንጃ፣ ጣዕሙ ጠፍቶብኝ ነበር። ሴትዮዋ ፊቴን አይተው ሳልጠይቃቸው አንድ ቁራጭ ቆርጠው ሰጡኝ። «እንካ፣ የጨነቀው ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም» አሉ። ዱባ ቅቤ ገብቶበት ቢጣፍጥ እንደዚያ ይሆናል። ልጄ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎት እኔ እንዲህ ያለ ነገር በመብላቴ አፈርኩ። በላሁት ግን። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት።

አዋሳ የገባነው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከመናኸሪያ ጋሪ ያዝኩ። ባለጋሪው ባናውን አየና «ከብርድ አገር ነዎት» አለኝ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

የምወርደው ጋሽ ዱካሞ ቤት ነው። ጋሽ ዱካሞ አናጢ ናቸው፤ በዘመናቸው ደግሞ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ቃሉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዳንጊሴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ሁለቱም የሲዳማ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛውን ያገኙት ከከተማ ነው፤ ሲያወሩ አያስረዝሙትም። እንደምመጣ ጽፌላቸው ነበር፤ ደብዳቤው የደረሰው እኔ አገሬ ከገባሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሆኖም እትዬ ዳንጊሴ በሩ ላይ ሲያዩኝ «ገና ነህ ብለን ነበር» አሉኝ፣ ቀጠሮ እንዳለኝ ሁሉ። እግሬን አጠቡኝ። ራት፣ ቡርሳሜ፤ ከእንሰት የሚሠራ ሲሆን ቅቤው ከምግቡ ይበልጣል። እኛ ጋ ቅቤ ጸጉር ላይም ወጥ ላይም በቁጠባ ነው።

ባናውን ሰጠኋቸው። ጋሽ ዱካሞ በሁለት እጃቸው መዝነውት «በጉ ውስጡ አለ?» አሉ። እትዬ ዳንጊሴ ግን ወስደው የመጨረሻ ልጃቸው የማቴዎስ አልጋ ላይ አነጠፉት፤ እኔ የምተኛውም እዚያ ነው ተባለ።

«ማቴዎስስ?» አልኩ።

«ሰሜን ዘምቷል» አሉ ጋሽ ዱካሞ።

«ይመጣል» አልኩ። የኔ ስለመጣ ነገሩ የሚቀል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ አዳራሹን፣ የበረከትን ትኩሳት። ደቡብ ውስጥ ብዙ የጸሎት አዳራሽ በመንግሥት እንደተዘጋ ሰምቻለሁ፤ የእኛዋ ግን ትንሽ ስለሆነች ሳያዩዋት ያልፏታል ብዬ ነበር። ጋሽ ዱካሞ ሚስታቸውን አዩ፤ እሳቸውም ባላቸውን አዩ።

«አዳራሹማ አለ» አሉ ጋሽ ዱካሞ። «ቆሟል።»

ዓርብ

አለ፣ ቆሟል። በሩ ላይ ቀይ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል፤ የቀበሌው መሰብሰቢያ ሆኗል። ሰባኪው ይቆሙበት የነበረው ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ተቀምጧል። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ ጋሽ ዱካሞ በእጃቸው የሠሯቸው፣ አንድ እግራቸው አጭር ሆኖ ሰው ሲቀመጥባቸው የሚንገጫገጩት። እኔ ያመንኩት ከግራ በኩል ሦስተኛው ላይ፣ መስኮቱ ጋ ነው። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁት። ባመንኩበት ቦታ ቆሜ ብያለሁ። ሌላ ቦታ ብዬ ብሆን ኖሮ።

እንግዳ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ማስመዝገብ አለበት። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ወገቡን የሚያመው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። የይለፍ ወረቀቴን አንብቦ «ከጋሽ ዱካሞ ጋር በምን ትዛመዳላችሁ?» አለኝ።

«አሳድገውኛል» አልኩ። በመንፈስ ነው አላልኩም።

«ጥሩ። እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለን፤ እንግዳም ይገባል» አለ።

ከዚያ እንደወጣን ጋሽ ዱካሞን «እሁድ የት ነው የምትሰበሰቡት፣ የእኛ ሰዎች?» አልኳቸው።

«አዳራሽ።»

«ተወስዷል እኮ።»

«የቀበሌው ስብሰባ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ድሮ የእኛ ጸሎት የሚጀመርበት ሰዓት። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳንሄድ ብለው ነው ያን ሰዓት የመረጡት» አሉ። «እኛም እንገባለን። የየራሳችን ቦታ ላይ እንቀመጣለን። ዓይናችንን አንጨፍንም፤ አፋችንን አናንቀሳቅስም። ሰባት ዓመት አንድ እሁድ አልቀረንም።»

«መፈክር ሲባልስ? እጅ ሲነሳ?»

«እጅ ማንሳት ድሮም አይከብደንም» አሉ ጋሽ ዱካሞ። «አንዱን ብቻ መሆኑ ነው ያስቸገረን።»

ምሳ፣ ቆጮ በጎመን። ራት፣ ቆጮ በወተት።

ቅዳሜ

እትዬ ዳንጊሴን ተከትዬ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሰፊ ነው። ራሳቸው የተመለጠ ረጃጅም ወፎች ዓሣ አጣቢዎቹ መሃል ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ የቢሮ ሰዎች ይመስላሉ። እኛ አገር እንዲህ ሰው የማይፈራ ወፍ የለም።

የተጠበሰ ዓሣ ሰጡኝ። ደጋ ያደገ ሰው ዓሣ ሲበላ ቀስ ማለት አለበት፤ እኔ ቀስ አላልኩም። አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አንዷ ጀርባዬን ትመታለች፣ አንዷ ውሃ ታጠጣኛለች፤ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሙዝ ልጠው ሳላኝክ እንድውጥ አደረጉኝ። በአራተኛው ሙዝ ሄደ። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም፤ ሙዛቸውን ግን ጨርሼባቸዋለሁ። ደብተሬ ላይ «ዓሣ ግማሽ፣ ሙዝ አራት» ይላል።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ በረከት ትዝ አለኝ። ስልክ የለም፣ የሚልክ ሰው የለም። ነገ አዳራሹ ውስጥ እቆማለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። ወሰንኩ። ራት አልበላሁም፤ እንደ ጾም እንዲቆጠርልኝ።

እሁድ

ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው ስብሰባ በተገኘ ሰው ካርድ ስለሆነ ሌላውም ነዋሪ ይመጣል፤ እነሱ ግን ከኋላ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። የፊተኞቹ አራት ወንበሮች የእኛ ሰዎች ናቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ሊቀመንበሩ ላይ ነው፤ አንዳቸውም አይስሉም። ከግራ ሦስተኛው ወንበር መስኮቱ ጋ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ተትቷል። ለኔ ነው። ሁሉም ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ሊቀመንበሩ ስለ ሰብል ስብሰባና ስለ ፍሳሽ ቦይ ተናገረ። ከዚያ የፊተኞቹን እያሳየ «እነዚህን የቀድሞ ጴንጤዎች ተመልከቱ» አለ ለኋለኞቹ። «በተሳትፎ ማንም አይደርስባቸውም። ካባረርናቸው ወዲህ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።» ጋሽ ዱካሞ አጎንብሰው ምስጋናውን ተቀበሉ።

ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። «ዛሬ ከደብረ ብርሃን የመጡ ላብ አደር እንግዳ አሉን። ቆመው አንድ ሁለት ቃል ይበሉን።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ባመንኩባት አዳራሽ፣ ባመንኩበት ቦታ፣ በሕግ ቁም ተብያለሁ። ይህን ማንም ሊያዘጋጅልኝ አይችልም ነበር። ቆምኩ። ወንበሩ ተንገጫገጨ። አፌን ከፈትኩ።

«የደብረ ብርሃን ሠራተኛ አብዮታዊ ሰላምታውን ያቀርባል» አልኩ።

መስኮቱ ላይ ዝንብ አለ፤ እሱን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

«ልጄ… ልጄ ከግዳጅ በሰላም ተመልሷል» አልኩና ተቀመጥኩ።

ተጨበጨበ። ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት ከቀኝ በኩል እትዬ ዳንጊሴ ናቸው። ሊቀመንበሩ መፈክር አሰማ፤ ግራ እጄን አነሳሁ። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ስሙን ብጠራ ኖሮ እነዚያ ሰዎች አዳራሻቸውን ዳግመኛ ያጡ ነበር እላለሁ። እውነት ነው፤ ያጡ ነበር። ግን ዝም ያልኩት ስለ እነሱ አስቤ አይደለም። ፈርቼ ነው። ስለ እነሱ ያሰብኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ዱካሞ ከኔ ጋር ወደኋላ ቀሩ። «ማቴዎስ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው» አሉኝ ዝግ ብለው። «አንድ ደብዳቤ የለም። አብረውት የሄዱት ልጆች የአንዳንዱ መርዶ መጣ። የሱ መርዶም የለ፣ እሱም የለ።»

ሦስት ሌሊት የልጁ አልጋ ላይ ተኝቼ አንድ ቀን በደንብ አልጠየቅኩም። ጭራሽ እናቱ ፊት ቆሜ የኔ መጣ ብዬ ተጨበጨበልኝ።

እትዬ ዳንጊሴ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ዓሣ ይገፍፋሉ። አጠገባቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ልጄ መጣ ብዬ በእርስዎ ላይ ፎከርኩ።»

«መጥቷል። ምን ልትል ነበር፣ አልመጣም?»

«ስለቱም አልደረሰም። ስሙን ሳልጠራ ተቀመጥኩ። በረከት ደግሞ እዚያ ወድቋል። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ሞቷል?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅክ አትቅበረው» አሉና ቢላዋቸውን አነሱ።

ዓሣውን እየገፈፉ «ማጋኖን እንደ ምን አድርገህ ነው የያዝከው?» አሉኝ። ማጋኖ በሲዳምኛ እግዚአብሔር ማለት ነው፤ ነገር ሲከርርባቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። «አንተ ስትጠብቅ የሚጠብቅ፣ አንተ ስትረሳ የሚረሳ ነው? እንዲያማ ከሆነ ካንተ በምን ይሻላል?»

ጎንበስ ብዬ መሬት የወደቀ ቅርፊት ለቀምኩ።

«እኔ ያመንኩት ማቴዎስ ሳይወለድ ነው» አሉ። «ማቴዎስን መያዣ አስይዤ አይደለም ያመንኩት። ማቴዎስ ሄደ፤ ደብዳቤ ቀረ። ተቆጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጸሎት ትቻለሁ፤ ዱካሞን ጠይቀው። አዳራሹም ገብቼ ግድግዳ ነበር የማየው። ኋላ ስመለስ እዚያው አገኘሁት። የሄድኩት እኔ ነበርኩ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።»

«አያለቅሱም?»

«አለቅሳለሁ እንጂ፤ ልጄ ነው። እሱ ፊት ነው የማለቅሰው። ሌላ ማን ፊት ላልቅስ?» እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ። «አንተ ደግሞ ገና አልመሰከርክም። በል ንገረኝ። በረከት ሲመጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ልቁም?» አልኩ፤ ስለቱ ቆሜ የሚል ነበርና።

«ቁጭ በል፤ ጭራውን ያዝልኝ።»

ያንን ዓሣ በጭራው ይዤ ነገርኳቸው። የሰው ኮት ለብሶ፣ ዱላ ተደግፎ በጓሮ በኩል እንደመጣ፤ አስካለ ለማኝ መስሏት «እግዜር ይስጥህ» ብላ በሩን ልትዘጋ ስትል «እማዬ፣ እኔ ነኝ» እንዳላት፤ እሷም በሩን እንደያዘች መሬት ላይ እንደተቀመጠች። እግዚአብሔር መለሰልኝ አልኩ፤ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት፣ ደጋግሜ። የሰሙኝ እትዬ ዳንጊሴና አንድ ዶሮ ናቸው።

«የበሩን እንደገና ንገረኝ» አሉ።

እንደገና ነገርኳቸው። ሦስተኛም አስደገሙኝ። ዓሣው አለቀ፤ ሁለታችንም እንባችንን በክንዳችን ጠረግን፤ እጃችን ቅርፊት ነበር። ምሳ፣ የዓሣ ሾርባ። አጥንት ለቅመው ሰጡኝ።

ሰኞ

እትዬ ዳንጊሴ ለበረከት ብለው ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አስያዙኝ። «ይበላዋል» አሉ፤ «ከዳነ» አላሉም። ስወጣ ባናው ማቴዎስ አልጋ ላይ በደንብ ተነጥፎ አየሁት። ማቴዎስ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም። ባናው እዚያው ነው፤ በየቅዳሜው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ የሚጽፉት ጋሽ ዱካሞ ሲሆኑ የሚናገሩት እትዬ ዳንጊሴ ናቸው። ሌላ ሰው ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብሎ የሚጀምረውን እሳቸው «እሱ ያው ነው» ብለው ይጀምሩታል፤ ማጋኖን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የዓሣውና የዝናቡ ወሬ።

ጎማ አልተነፈሰም። መቂን ሳንቆም አለፍናት። ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የእትዬ ዳንጊሴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እያለም ፈርቼ ነበር። አዲስ አበባ አደርኩ። ራት፣ የለም።

ማክሰኞ

ደብረ ብርሃን የደረስኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ሰላም አለኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ ሰው ቤታችን በር ላይ ተሰብስቦ እንደሆነ እያየሁ ነው የሄድኩት። ማንም አልነበረም። እሱም አስፈራኝ፤ ቀብሩ አልፎ ይሆናል አልኩ።

አንኳኳሁ። በሩን የከፈተልኝ በረከት ነው። ከስቷል፤ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ማማሰያ ይዟል።

«ስለትህን አደረስክ?» አለኝ።

«አላደረስኩም።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ስበላ» አልኩ።

አስካለ ከጓዳ ወጣች። ትኩሳቱ መቼ ለቀቀው አልኳት።

«ሐሙስ፣ ቀትር ላይ» አለች። «አላበው አላበው፣ አንሶላውን አርሶ ተነስቶ እንጀራ ስጪኝ አለ። ምነው?»

ደብተሬን አወጣሁ። ሐሙስ የሚለው ገጽ ላይ «መቂ። ፓፓያ አንድ ቁራጭ። ይጣፍጣል» ይላል። ሐሙስ ቀትር ላይ አዳራሹን ገና አላየሁም። ስለት አላደረስኩም፤ ማድረስ እንደማልችልም አላወቅኩም። ጾም አልጾምኩም፤ እንኳን ልመሰክር በደንብ አልጸለይኩም። ግራር ሥር ተቀምጬ፣ ቅጣት መጣብኝ እያልኩ፣ የማላውቃቸው ሴት የሰጡኝን እበላ ነበር። እሱ ስለት ቆጥሮ እንደማይሰጥ እትዬ ዳንጊሴ ያለ ፓፓያ ነው ያወቁት።

በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አስካለ «መንገድ ደክሞት ነው» አለችው ለልጇ።

የዚያን ቀን በደብተሬ ላይ የጻፍኩት የመጨረሻው ነው። ምሳ፣ ሽሮና የዳንጊሴ ቆጮ። ሽሮውን የሠራው በረከት ነው፤ ጨው በዝቶበታል። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።